ተሽጣ ያደገች፣ ምስሏን ሸጣ የኖረች፦ ሶጆርነር ትሩዝ

ነጭ ሻሽ አስራ፣ ነጭ ጨርቅ በትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ዓይኗ ላይ መነጽር ሰክታ ተቀምጣለች። በእጇ የሹራብ ክር ይዛለች፤ ከጎኗ ባለው ጠረጴዛ ላይ መጽሐፍና አበባ ይታያል። ይህች በመዳፍ የምትያዝ ትንሽ ፎቶግራፍ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋውራለች። ሻጯ በምስሉ ላይ ያለችው ሴት ራሷ ነበረች። በልጅነቷ ከበጎች ጋር ተደምራ የተሸጠችው ሶጆርነር ትሩዝ በእርጅናዋ የገዛ ምስሏ ባለቤት ሆነች።

እ.ኤ.አ. በ1797 ገደማ በኒውዮርክ ግዛት፣ አልስተር በተባለ የገጠር አካባቢ፣ በባርነት ይኖሩ ከነበሩ ወላጆች ተወለደች። ወላጆቿ ያወጡላት ስም ኢዛቤላ ነበር። ጌቶቿ የሆላንድ ዘር ስለነበሩ አፏን የፈታችው በሆላንድ ቋንቋ ነው። ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆናት ጌታዋ ሞተና ለጨረታ ቀረበች፤ ከበጎች ጋር በ100 ዶላር ተሸጠች። አዲሱ ጌታዋ የሚያዛት በእንግሊዝኛ ነበርና፣ ትእዛዙ ሳይገባት ሲቀር ክፉኛ ይገርፋት ነበር። ከዚያም ሁለት ጊዜ ተሸጣ በ1810 በጆን ዱሞንት እጅ ገባች። በእርሻውም በቤቱም እያገለገለች ልጆች ወለደች።

የግዛቱ ሕግ በ1827 ባርነት እንዲያበቃ ደንግጎ ነበር። ዱሞንት ተግታ ከሠራች አንድ ዓመት ቀድሞ ነጻ ሊያወጣት ቃል ገባ። ጊዜው ሲደርስ ግን እጇ ተጎድቶ ሥራዋ ጎድሏል በሚል ቃሉን አጠፈ። ኢዛቤላ 100 ፓውንድ፣ ማለትም 45 ኪሎ ግራም ያህል ሱፍ ፈትላ ዕዳዋን እንደከፈለች ቆጠረች። በ1826 መገባደጃ ላይ፣ ጎሕ ሳይቀድ፣ ሕፃን ልጇን ታቅፋ ወጣች። ሌሎቹን ልጆቿን ግን ትታ መሄድ ግድ ሆነባት። ቫን ዋገነን የተባሉ ቤተሰቦች አስጠጓት፤ ዱሞንት ተከትሎ ሲመጣም ለቀሪው የአገልግሎት ጊዜዋ 20 ዶላር ከፍለው አሰናበቱት።

ብዙም ሳይቆይ ትንሹ ልጇ ፒተር ሕግ ተጥሶ ወደ አላባማ መሸጡን ሰማች። ማንበብና መጻፍ የማትችለው፣ ገንዘብም ወገንም የሌላት እናት ፍርድ ቤት ቆመች፤ በ1828ም ልጇን አስመለሰች። የፒተር ሰውነት ግን በግርፋት ጠባሳ ተሞልቶ ነበር።

በ1843 ስሟን ሶጆርነር ትሩዝ አለች፤ ትርጉሙም መንገደኛና እውነት ማለት ነው። ከከተማ ከተማ እየተዘዋወረች ባርነትን አወገዘች፤ ለሴቶች መብት ተሟገተች። በ1850 የሕይወት ታሪኳን በቃል ነግራ አስጻፈች፤ መጽሐፉንም በየስብሰባው እየሸጠች ኖረች።

በጦርነቱ ዘመን ፎቶግራፎቿን ማሳተም ጀመረች። ያን ጊዜ የተገረፈ ጀርባ የሚያሳዩ ምስሎች የባርነትን ጭካኔ ለመመስከር ይሰራጩ ነበር። እርሷ ግን የመረጠችው ክብሯን ማሳየት ነበር፤ በምስሏ ላይ ሰንሰለትም የተቀደደ ልብስም አይታይም። ከፎቶግራፉ ሥር ጥላዋን ሸጣ አካሏን እንደምታኖር የሚገልጽ ጽሑፍ ታትሟል። በ1864 ደግሞ የምስሉን መብት በራሷ ስም አስመዘገበች። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከንን በዋሽንግተን አነጋገረች።

ባርነት ከተሻረ በኋላም አላረፈችም። ነጻ የወጣ ሰው የሚያርሰው መሬት ከሌለው ነጻነቱ ጎደሎ እንደሆነ ታምን ነበርና፣ መንግሥት በምዕራብ አሜሪካ መሬት እንዲሰጣቸው ፊርማ አሰባሰበች። ምክር ቤቱ ጥያቄዋን ሳይቀበል ቀረ። ኅዳር 26 ቀን 1883 በሚቺጋን ግዛት፣ በባትል ክሪክ ከተማ አረፈች።

በ2009 በአርቲስ ሌን የተቀረጸ የነሐስ ምስሏ በአሜሪካ ምክር ቤት ሕንጻ ውስጥ ቆሟል፤ በዚያ ይህን ክብር ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ናት። የመሬት ጥያቄዋ ሳይመለስ የቀረው በዚያው ምክር ቤት ነበር።