ምንም የማይረሳው ሰው እና የኮምፒውተር ሚሞሪ

ዛሬ የጆን ፎን ኖይማንን የሕይወት ታሪክ ይዤላችሁ ቀርቤያለሁ። ኮምፒውተር ለምን ብዙ ዓይነት ሚሞሪ እንደሚያስፈልገው ለእኔ የገባኝ የዚህን ሰው ታሪክ ሳነብ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፎን ኖይማን በ1903 በሃንጋሪ ዋና ከተማ በቡዳፔስት ተወለደ። አባቱ የባንክ ሰው ነበር። ልጁ ገና ትንሽ ሆኖ ትልልቅ ቁጥሮችን ያለ ወረቀት ያካፍል ነበር ይባላል። አንዴ ያነበበውን መጽሐፍ ከዓመታት በኋላ ቃል በቃል ይደግም እንደነበር አብረውት የሠሩ ሰዎች ተናግረዋል። በ1926 በሒሳብ ዶክትሬቱን ያዘ። ከዚያም አሜሪካ ሄዶ በ1933 በፕሪንስተን ፕሮፌሰር ሆነ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካኖች ኤኒያክ የሚባል ትልቅ ኮምፒውተር ይሠሩ ነበር። ማሽኑ በጣም ፈጣን ነው። ግን አዲስ ሥራ ለመስጠት ሰዎች ገመዱን ሲነቅሉና ሲሰኩ ቀናት ይፈጅባቸዋል። በ1945 ፎን ኖይማን አንድ ሪፖርት ጻፈ። ሐሳቡ ትእዛዙም ቁጥሩም እዚያው ሚሞሪ ውስጥ ይቀመጥ የሚል ነው። እንደዚያ ከሆነ ገመድ መንቀል ቀረ ማለት ነው። ይህን ያሰበው ግን እሱ ብቻ አልነበረም። የኤኒያክ ሠሪዎች ኤከርትና ሞክሊም አስበውበት ነበር። ሪፖርቱ ላይ የወጣው የእሱ ስም ብቻ ስለሆነ በጣም ተቀየሙ። እኔም የእነሱ ስም መጻፍ ነበረበት እላለሁ።

በ1946 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሌላ ነገር ጻፈ። ሚሞሪን ትልቅም ፈጣንም ማድረግ ስለሚከብድ በደረጃ ይከፈል አሉ። ፈጣኑና ትንሹ ለሥራ፣ ዘገምተኛውና ትልቁ ለማስቀመጫ ይሁን ማለታቸው ነው። ዛሬም እንዲሁ ነው። ራም እንደ ሰሌዳ ነው፤ ቶሎ ይጻፍበታል፣ መብራት ሲጠፋ ግን ሁሉም ይጠፋል። ሃርድ ዲስክና ፍላሽ እንደ ደብተር ናቸው፤ ትንሽ ቢዘገዩም የጻፍነውን ያቆዩልናል። ሮም ደግሞ ግድግዳ ላይ እንደተለጠፈ የክፍል ደንብ ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚያነበው መመሪያ እዚያ አለ። ፎን ኖይማን በፕሪንስተን ያሠራው ኮምፒውተር ፈጣን ሚሞሪው 5 ኪሎባይት ያህል ብቻ ነበር። በስልክ የምናነሳው አንድ ፎቶ እንኳ አይገባበትም!

በ1955 ፎን ኖይማን ካንሰር እንዳለበት ታወቀ። ያ ምንም የማይረሳ ሰው በመጨረሻ በሽታው አእምሮውን አደከመው። ስለ ኮምፒውተርና ስለ ሰው አንጎል የጀመረውን ጽሑፍ ሳይጨርስ የካቲት 1957 በ53 ዓመቱ አረፈ። የጻፈው ግን አልጠፋም፤ በ1958 መጽሐፍ ሆኖ ወጣ። ጭንቅላቱ ውስጥ ብቻ የነበረው ግን አብሮት ሄደ።

ስለዚህ ጓደኞቼ፣ አያቶቻችን የሚያውቁትን ታሪክ ሳይረፍድ ደብተራችን ላይ እንጻፈው።