ዲድሪክ ቬስተርማንና የጋምቤላ ኑዌር ፊደል

በጋምቤላ ክልል በኑዌር ቋንቋ ፊደል የሚቆጥር ተማሪ በእንግሊዝኛ መጽሐፉ የማያገኛቸውን ሆሄያት ይለያል፤ ወደ ግራ የዞረ ሲ፣ እግሩ ወደ ውስጥ የታጠፈ ኤን፣ የግሪኮቹን ኤፕሲሎንና ጋማ የሚመስሉ ሁለት ምልክቶች። እነዚህ ሆሄያት ባሮ ዳር የደረሱበት መንገድ በአንድ ጀርመናዊ የቋንቋ ሊቅ ሕይወት በኩል ያልፋል። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዲድሪክ ቬስተርማን በ1875 በብሬመን አቅራቢያ በምትገኘው ባደን መንደር ተወለደ። በወጣትነቱ በሚሲዮናዊነት ወደ ቶጎ ተሻግሮ የኤዌን ቋንቋ አጠና፤ መዝገበ ቃላቱንም አሳተመ። በኋላም በርሊን ውስጥ የአፍሪካ ቋንቋዎች መምህር ሆነ። በ1912 ስለ ሺሉክ ሕዝብና ስለ ኑዌር ቋንቋ ያዘጋጃቸው ሁለት ሥራዎች ታተሙ።

በዘመኑ የአፍሪካን ድምፆች ለመጻፍ የተለመደው በላቲን ሆሄ ላይ ነጥብና ሰረዝ መደራረብ ሲሆን፣ የሌፕሲየስ ፊደል የዚህ ዋነኛ ምሳሌ ነበር። ቬስተርማን ይህን ተቃወመ። ነጥብ በጥድፊያ ሲጽፉ ይዘነጋል፤ ዓይንንም ያደክማል። ስለዚህ የተለየ ድምፅ ራሱን የቻለ ሆሄ ይገባዋል ባይ ነበር። በ1926 ለንደን ላይ የተመሠረተው የአፍሪካ ቋንቋዎችና ባህሎች ዓለም አቀፍ ተቋም ከመጀመሪያ ዳይሬክተሮቹ አንዱ ሲያደርገው፣ ሐሳቡ የአፍሪካ ፊደል በሚባለው ሥርዓት ተቀረጸ። በ1928 በደቡብ ሱዳን ሬጃፍ በተካሄደው የቋንቋ ጉባኤ አማካሪ ሆኖ ተገኘ፤ ኑዌርም ለትምህርት ከተመረጡት ቋንቋዎች አንዱ ሆነ። ጉባኤተኞቹ በአመዛኙ ሚሲዮናውያንና የቅኝ ግዛት ሹማምንት እንደነበሩ መዘንጋት አይገባም። ኢትዮጵያም አልተወከለችም፤ የኑዌር ሕዝብ ግን ከድንበሩ ወዲህም ወዲያም ይኖራልና ፊደሉ ተሻገረ።

ቬስተርማን በ1956 በተወለደባት መንደር አረፈ። ኮምፒውተር የሱን ክርክር እንደገና እንደሚያስነሣ ሊያውቅ አይችልም ነበር።

የኑዌር አናባቢዎች ከሱ ሆሄያት ቁጥር ይበልጣሉ። በመሆኑም የዛሬው አጻጻፍ ሊያስወግደው የፈለገውን ምልክት መልሶ ያዘ፤ አንዳንዶቹ አናባቢዎች ከላይ ሁለት ነጥብ፣ ሌሎቹ ከሥር ሰረዝ አላቸው። በድረ ገጽ ላይ ችግር የሚፈጥሩትም በዋናነት እነዚሁ ናቸው። የቬስተርማን ሆሄያት በዩኒኮድ እያንዳንዳቸው የራሳቸው መለያ ቁጥር አላቸው። ከሥሩ ሰረዝ ያለው ኤ ግን አንድ ቁጥር የለውም፤ ሆሄውና ሰረዙ ለየብቻ ተጽፈው በፎንቱ ብርታት መገናኘት አለባቸው። ፎንቱ ደካማ ከሆነ ሰረዙ ወደ ጎን ይሸሻል፣ ወይም በቦታው ባዶ ሣጥን ይታያል። ጸሐፊው በዚህ ተማርሮ የጽሑፍ ማስመሪያን ቢጠቀም ደግሞ ቃሉ ወደ ሌላ ገጽ ሲቀዳ መስመሩ ይጠፋል፤ የአናባቢው ልዩነትም አብሮ ይጠፋል። ሁለት ነጥብ ያለው ኤ በአንድ ቁጥርም በሁለትም ሊጻፍ ይችላል፤ ለዓይን አንድ የሆኑትን እነዚህን አጻጻፎች አስቀድሞ ያላስማማ የፍለጋ ሥርዓት እንደ ሁለት የተለያዩ ቃላት ይቆጥራቸዋል።