መምህረ ሐይቅ አባ ኢየሱስ ሞዓ
ከዳህና የተነሡት አባ ኢየሱስ ሞዓ በደብረ ዳሞ መንነው፥ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሐይቅ እስጢፋኖስን ታላቅ የትምህርት ገዳም አደረጉት። ተክለ ሃይማኖትም ወደ 10 ዓመት ገደማ በእርሳቸው ሥር ከተማሩና ካገለገሉ በኋላ ተለይተዋቸው ሄዱ፤ የሄዱትም መምህራቸው ራሳቸው ወደ ተማሩበት ወደ ደብረ ዳሞ ነበር። ኋላም በሸዋ ደብረ አስቦን፥ የዛሬውን ደብረ ሊባኖስን መሠረቱ። በደቀ መዝሙሩ መሄድ የመምህሩ ክብር በዛ እንጂ አልጎደለም።

እኛስ ጉልበቱን በቤታችንና በመሥሪያ ቤታችን የጨረሰውን ዘበኛ ወይም ወጥ ቤት እንዴት እናሰናብተዋለን? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል ሲቋረጥ የአገልግሎት ምስክር ወረቀት እንዲሰጥ ያዝዛል። ወረቀቱን ሕግ ያስገድዳል፤ ምስጋናውና ምርቃቱ ግን የኅሊና ዕዳ ነው። ይህንም ዕዳ አገልጋዩ ከደጃችን ሳይወጣ እንክፈል።