ብፅዕት ፓውሊን ዣሪኮ፦ የምእመናን ሐዋርያዊ ኃላፊነት አብነት

ወንጌልን ማስፋፋት የጳጳሳት፣ የካህናትና የደናግል ሥራ ብቻ እንደ ሆነ የሚቈጥር ምእመን ዛሬም ጥቂት አይደለም። በጥምቀት የተቀበልነው ጸጋ ግን እያንዳንዳችንን የሐዋርያት የሥራ ተካፋይ ያደርገናል። ይህን እውነት በሕይወቷ ካስመሰከሩት ምእመናን አንዷ ፈረንሳዊቷ ብፅዕት ፓውሊን ማሪ ዣሪኮ ናት። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ፓውሊን ሐምሌ 22 ቀን 1799 ዓ.ም. በሊዮን ከተማ ተወለደች። አባቷ በሐር ሥራ የበለጸገ ሰው ስለ ነበር በምቾት አደገች፤ ውብ ልብስና ጌጥም ትወድ ነበር። በ15 ዓመቷ ግን ወድቃ ክፉኛ ታመመች፤ በ1814 ዓ.ም. መጨረሻም እናቷ ዐረፉ። ከሕመሟ ከዳነች በኋላ፣ በ1816 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም፣ በቅዱስ ኒዚየር ቤተ ክርስቲያን አንድ ካህን ስለ ከንቱ ውዳሴ የሰጡት ስብከት ልቧን ነካው። ጌጧን ትታ እንደ ሠራተኛ ሴቶች መልበስ ጀመረች፤ ድሆችንና ሕሙማንንም ታገለግል ገባች። በዚያው ዓመት በልደት በዓል በድንግልና ለመኖር ለእግዚአብሔር ተሳለች። ወደ ገዳም ግን አልገባችም፤ በዓለም መካከል ምእመን ሆና ኖረች።

ለክህነት ይማር የነበረው ወንድሟ ፊሌያስ፣ በሩቅ አገር ያሉ የወንጌል መልእክተኞች ስላለባቸው ችግር ጻፈላት። ፓውሊን የሐር ፋብሪካ ሠራተኞችን ሰብስባ፣ እያንዳንዳቸው በየቀኑ ለተልእኮ እንዲጸልዩና በየሳምንቱ ሱ የተባለችውን ትንሽ ሳንቲም እንዲያዋጡ ጠየቀቻቸው። ዐሥር ሰዎች አንድ ቡድን ይሆናሉ፤ ዐሥሩ ቡድኖች በመቶ አለቃ፣ መቶዎቹም በሺህ አለቃ ይያያዛሉ። አሠራሩ ቀላል ስለ ነበር ምንም ያህል ድሃ ቢሆን የሚቀርበት ሰው አልነበረም። ግንቦት 3 ቀን 1822 ዓ.ም. በሊዮን የተሰበሰቡ ምእመናን ይህንኑ አሠራር ተቀብለው የእምነት ማስፋፊያ ማኅበርን መሠረቱ። ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ (አቡነ ያዕቆብ) ከአገራችን የላኳቸው ደብዳቤዎች ሳይቀሩ በማኅበሩ መጽሔት ታትመዋል።

የማኅበሩ ስም ሲገን የፓውሊን ስም ተረሳ፤ የመሥራችነቱ ክብርም ለሌሎች ተሰጠ። እርሷ ግን ስለ ክብር አልተሟገተችም። በ1826 ዓ.ም. ሕያው መቍጠሪያ የተባለውን ማኅበር አቋቋመች፤ 15 ሰዎች የመቍጠሪያውን ምሥጢራት ተከፋፍለው፣ እያንዳንዱ በየቀኑ አንዱን ምሥጢር ብቻ ይደግማል፤ በኅብረትም ሙሉው መቍጠሪያ ይፈጸማል።

ከሁሉ የከበደው ፈተና የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በ1831 እና በ1834 ዓ.ም. የሊዮን ሐር ሠሪዎች በድህነት ተማረው ሲያምፁ አይታ ነበርና፣ ሠራተኛው ተገቢ ደመወዝና ለቤተሰቡ መኖሪያ የሚያገኝበት ሥፍራ ለማቋቋም አሰበች። በ1845 ዓ.ም. በሩስትሬል የብረት ማቅለጫ ተገዛ። ያመነቻቸው ሥራ አስኪያጆች ግን ገንዘቡን አባከኑት፤ ሥራውም ከሰረ። ካበደሯት መካከል ድሆችም ነበሩ። ፓውሊን ጥፋቱ የሌሎች ነው ብላ ዕዳውን አልሸሸችም፤ ያላትን ሁሉ ሸጠች፤ የቀሩትን ዓመታትም አበዳሪዎቿን ለመክፈል ስትደክም ኖረች። ከመሠረተችው ማኅበር እንኳ የጠበቀችውን ርዳታ አላገኘችም። ጥር 9 ቀን 1862 ዓ.ም. በድህነት ዐረፈች።

ቤተ ክርስቲያን ግን አልረሳቻትም። በ1922 ዓ.ም. ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ ማኅበሩን ጳጳሳዊ አድርገው ወደ ሮም አዛወሩት፤ በ1926 ዓ.ም. ደግሞ በየዓመቱ በጥቅምት ወር የሚከበረውን የዓለም የተልእኮ እሑድ ደነገጉ። ግንቦት 22 ቀን 2022 ዓ.ም. ፓውሊን በትውልድ ከተማዋ ብፅዕት ተብላ ታወጀች።

ውድ አንባብያን፣ ፓውሊን ክህነትም ሥልጣንም አልነበራትም። በእጇ የነበረው ጸሎት፣ አንዲት ሳንቲምና ጎረቤትን የመጥራት ድፍረት ነበር። እኛስ ቍምስናችን ሲደክም ካህኑን ወይም ሀገረ ስብከቱን ከመውቀሳችን በፊት የራሳችንን ድርሻ ጠይቀናልን? ለእምነታችን ዐሥር ሰው መጥራት ቢያቅተን አንድ ሰው እንጥራ፤ ሙሉ መቍጠሪያ መድገም ቢያቅተን አንዱን ምሥጢር እንድገም። ሥራችን ሳይመሰገን ወይም ሳይሳካ ሲቀርም፣ እንደ እርሷ ኃላፊነታችንን ሳንጥል እስከ መጨረሻው እንጽና።

የብፅዕት ፓውሊን ጸሎትና አማላጅነት ከሁላችን ጋር ይሁን። አሜን።