ኒኮላይ ቫቪሎቭ፦ በሽታን የሚቋቋም ዘር ፍለጋ

እህል በሽታን የመቋቋም ኃይሉን ከዘሩ እንደሚወርስ ካስረዱት ቀዳሚ ሊቃውንት አንዱ ሩሲያዊው ኒኮላይ ኢቫኖቪች ቫቪሎቭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1887 በሞስኮ ከነጋዴ ቤተሰብ ተወለደ። በዚያው ከተማ የግብርና ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1913 ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ ከዊልያም ቤትሰን ዘንድ የዘር ውርስ ሳይንስን ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1919 ባሳተመው መጽሐፍም ዕፀዋት ለተላላፊ በሽታ የሚያሳዩት መቋቋም በአፈርና በአየር ጠባይ ብቻ የሚወሰን ሳይሆን በዘር የሚተላለፍ ባሕርይ መሆኑን አብራራ።

ይህ ሐሳብ ሌላ ጥያቄ አስከተለ፤ መቋቋም ከዘር የሚገኝ ከሆነ፣ ዘሩ ከወዴት ይፈለጋል? ቫቪሎቭ የሰብል ዝርያ እጅግ በበዛበት ስፍራ ይፈለግ ዘንድ አመለከተ። በዚህም ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1926 መጨረሻና በ1927 መጀመሪያ ወደ ኢትዮጵያ መጣ። በአዲስ አበባ ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ጋር ተገናኝቶ ፈቃድ ካገኘ በኋላ በበቅሎ ጓዝ ዐባይን ተሻግሮ፣ በጎንደርና በአክሱም በኩል አስመራ ደረሰ። በየመንገዱ የሰበሰበው የስንዴ፣ የገብስ፣ የጤፍና የኑግ ዘር ኢትዮጵያን ከዓለም የሰብል ማዕከላት አንዷ አድርጎ እንዲመድብ ረዳው።

የሰሜን ወሎ ደጋ ከዚህ ጉዞ በስተምሥራቅ ቀረ። ከወልድያ ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ወደ ላሊበላ መገንጠያ የሆነችው ጋሸና የምትገኝበት ይህ ደጋ የገብስ አገር ነው። ገበሬው ለእንጀራ፣ ለበሶ፣ ለቆሎና ለጠላ የሚሆነውን ለይቶ ሲዘራ ኖሯል። በዋግም ሆነ በአረማሞ ዓመት የተረፈውን ለዘር ማስቀመጡ፣ ምሁሩ በመጽሐፍ የገለጸውን መርሕ በተግባር የመፈጸም ያህል ነው።

የቫቪሎቭ ግምት ከጊዜ በኋላ ተረጋገጠ። ገብስን ከሚያቀጭጨው ቫይረስ የሚከላከለው ዋይ ዲ ሁለት የተባለው ጂን ከኢትዮጵያ ገብስ ተገኘ፤ ኤም ኤል ኦ አሥራ አንድ የተባለው፣ አመዳይ መሳይ ሻጋታን የሚከለክለው የጂን ዓይነትም እንዲሁ። በበቆሎ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ደግሞ የመቋቋምን አሠራር ወደ ውስጥ ዘልቀው አሳይተዋል። በሕዋሳት መካከል ያሉ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞች ዚፕ አንድ የተባለውን አጭር ሰንሰለት ይለቃሉ፤ እርሱም ሳሊሲሊክ አሲድን ቀስቅሶ መከላከያውን ያነሣሣል። የበቆሎ አረማሞ አምጪው ዩስቲላጎ ሜይዲስ በበኩሉ ፒት ሁለት የተባለ ፕሮቲን ልኮ እነዚሁን ኢንዛይሞች ይይዛል። ስለዚህ ኢንዛይሞቹን የሚያስገኙት ጂኖች የእህሉና የጠላቱ መታገያ ሆነዋል።

የቫቪሎቭ ፍጻሜ ግን መራራ ነበር። የጄኔቲክስን ትምህርት የካደው ትሮፊም ሊሴንኮ በስታሊን ድጋፍ በረታበት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ1940 በመስክ ጥናት ላይ ሳለ ተያዘ። በ1941 ሞት ተፈረደበት፤ ፍርዱም ወደ 20 ዓመት እስራት ተለወጠ። ዓለምን ከረኃብ ለማዳን ዘር ሲያከማች የኖረው ሰው ጥር 26 ቀን 1943 በሳራቶቭ ወኅኒ ቤት በረኃብ ተጎሳቁሎ ሞተ። በዚያው ጦርነት፣ ሌኒንግራድ ተከባ ሳለች፣ ከተቋሙ ባልደረቦች በርካቶቹ በአጠገባቸው የነበረውን እህል ሳይነኩ በረኃብ ሞቱ። የቫቪሎቭ ስም የታደሰው በ1955 ነው።

ኢትዮጵያ የራሷን የዘር ባንክ ያቋቋመችው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ነገር ግን በባንክ የተኛ ዘር በማሳ ላይ ከሚለዋወጠው በሽታ ጋር አብሮ አይለወጥም። የጋሸና ገበሬ የአያቱን ገብስ ትቶ አንድ ዓይነት ዘር ብቻ ቢዘራ፣ ገና ያልተጠና የመቋቋም ጂን ሳይታወቅ ሊጠፋ ይችላል። ቫቪሎቭ ሕይወቱን የከፈለበት ሥራ የሚጸናው ዘሩ በጎተራም በማሳም ሲጠበቅ ነው።