ዳግማዊ አፄ ምኒልክና ትምህርት ቤታቸው

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት በ1848 ዓ.ም. በሞቱ ጊዜ አፄ ቴዎድሮስ ልጁን ማርከው ወደ መቅደላ ወሰዷቸው። በ1857 ዓ.ም. ግን ከዚያ አምልጠው ወደ ሸዋ ተመለሱ፤ ከመዘዞ በስተ ደቡብ ባለችው በአንኮበርም ተቀምጠው ገዙ።

በ1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ። በዘመናቸው ስልክና ባቡር ወደ አገራችን ገባ፤ ነገር ግን የውጭ አገርን ቋንቋና ጥበብ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ እጅግ ጥቂት ነበረ። ስለዚህ አዲስ ትምህርት ቤት ሊያቆሙ አሰቡ። ብዙ ካህናት ግን ልጆቹ የባዕድ ትምህርት ሲማሩ ሃይማኖታቸውን እንዳይለውጡ ፈሩ። ንጉሡም አሳባቸውን ሳይተዉ፥ የካህናቱንም ፍርሃት ሳይንቁ፥ በሃይማኖት ወንድሞች የሆኑትን የግብጽ ቅብጦች መምህራን አድርገው አስመጡ። እንዲህም ሆኖ በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ ተመሠረተ። በዚያም ልጆች ፈረንሳይኛ፥ እንግሊዝኛ፥ ዐረብኛና ሒሳብ ተማሩ።

ንጉሡ በ1906 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ትምህርት ቤቱ ግን ከመቶ ዓመት በኋላም ያስተምራል።

ልጆች ሆይ፥ መልካም ነገር ስታስቡ ተቃዋሚ ቢነሣባችሁ አትቈጡ፥ ተስፋም አትቍረጡ። የሚፈራውን ሰው ፍርሃቱን አስተውሉ፤ በትዕግሥትና በብልሃት የተሠራ ሥራ ከሠሪው ዕድሜ ይልቅ ይኖራልና።