ጀምስ ብሩስና ከአክሱም የተገኘው ድንጋይ

ከጎንደር ተነሥተን በዳባት አልፈን ደባርቅ ስንደርስ፥ ከዚያም የሊማሊሞን ቁልቁለት ስናይ፥ ይህን ዳገት በ1770 መጀመሪያ የወጣውን ስኮትላንዳዊ እናስታውሳለን። (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን።)

ጀምስ ብሩስ በ1730 ተወለደ። በኤዲንብራ ሕግ መማር ጀምሮ ተወው። ሚስቱ በ1754 ከሞተችበት በኋላ ዐረብኛና ግዕዝ አጠና። በአልጀርስ የእንግሊዝ ቆንሲል ሆኖ ከሠራ በኋላ በ1769 ምጽዋ ገባ፤ በአክሱም አልፎ፥ ሊማሊሞን ወጥቶ፥ በወገራ በኩል ጎንደር ደረሰ። ፈንጣጣ የያዛቸውን የመኳንንት ልጆች ስላከመም በእቴጌ ምንትዋብ ዘንድ ተወደደ። በ1770 ግሽ ዓባይን አየ።

ጉድለቱን ግን አንሸፍንለትም። ጳኤዝ በ1618 ምንጩን ቀድሞት ማየቱን ሊያምን አልወደደም፤ ጎንደር ላይ የሞተውን የኢጣሊያዊውን ሠዓሊ የባሉጋኒንም ድካም ለራሱ አደረገ።

እኛን ከዓባይ ምንጭ ይልቅ የሚያሳስቡን ሁለት ጽሑፎች ናቸው። አንደኛው በሙሉው በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ የኖረው መጽሐፈ ሄኖክ ነው፤ ብሩስ ሦስት ቅጅ ይዞ በ1773 አውሮፓ ገባ። ሁለተኛው ከአክሱም የተገኘ፥ የግብፅ ሥዕላዊ ፊደል የተቀረጸበት ትንሽ የድንጋይ ሰሌዳ ነው። ሕፃኑ ሆሩስ አዞ ረግጦ ቆሞበታል። የጥንት ግብፃውያን በእንዲህ ያለ ድንጋይ ላይ ውኃ አፍስሰው፥ እባብና ጊንጥ ለነደፈው ሰው እንደ ጠበል ያጠጡት ነበር። ብሩስ ፊደሉን ማንበብ አልቻለም፤ በዘመኑም የሚችል አልነበረም። ቢሆንም አልናቀውም፤ በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ሥዕሉን አወጣ። በ1794 ከቤቱ ደረጃ ወድቆ ሞተ፤ ሻምፖሊዮን የፊደሉን ምስጢር የፈታው ከዚያ በኋላ፥ በ1822 ነው።

ዛሬ ሁለቱም ፊደላት ኮምፒውተር ውስጥ ገብተዋል። ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደል መዝገብ የእኛ ፊደል በ1999፥ 1,071 የግብፅ ምልክቶችም በ2009 ቁጥር አገኙ። በአሥራ ስድስት መደብ አቆጣጠር ሀ 1200፥ የሆሩስ ጭልፊት 13143 ነው። ሥዕል እንደ ሠዓሊው እጅ ይለዋወጣል፤ ቁጥሩ ግን አንድ ስለ ሆነ ምልክቱ በየትም አገር ይታወቃል።

ነገር ግን ቁጥር የሚሰጠው ተጠብቆ ለቆየ ነገር ብቻ ነው። ስለዚህ በዕረፍት ወደ ደባርቅና ወደ ዳባት የምንመለስ ተማሪዎች፥ በየደብሩ የምናገኘውን ጥንታዊ ጽሑፍ ማንበብ ባንችል እንኳ አንናቀው። ከባለቤቱ እጅ ሳናወጣ አስተካክለን እንቅዳው፤ የረዳንንም ሰው ስም አብረን እንጻፍ።